ወንበር ላይ የሚያልፈው የልጆቻችን ቀን

በእስራኤሏ ቤር ሼቫ ልጅ የሚያስተምር ኢትዮጵያዊ ወላጅ ስለ ትምህርት ቤት ሲያነሳ መጀመሪያ የሚጠይቀው የሰዓቱን ብዛት ነው። እስከ ስንት ሰዓት ይማራሉ? ጻሃሮን፣ ማለትም ከትምህርት በኋላ ልጆች የሚቆዩበት፣ አለው? ማጠናከሪያስ ይሰጣል? ልጁ እስከ አመሻሹ እዚያው የሚውል ከሆነ የወላጅ ልብ ያርፋል። አይፈረድበትም፤ እናትም አባትም ሥራ ውለው የሚገቡት ማታ ነው። ባለፉት አርባ ዓመታት ለማኅበረሰባችን ልጆች የመጣው ድጋፍም፣ ከመንግሥት ይምጣ ከበጎ አድራጊ፣ አብዛኛው ይህንኑ መልክ የያዘ ነው፤ ሰዓት መጨመር። ሰዓት ሲጨመር ግን ልጁ ተቀምጦ የሚቆይበት ጊዜም አብሮ ይጨመራል። ይህኛውን የሚቆጥር ሰው እምብዛም የለም።

በዓለም ዙሪያ ግን ጉዳዩ መቆጠር ከጀመረ ቆይቷል። የአንደኛ ደረጃ ተማሪ በክፍል ውስጥ ተቀምጦ የሚያሳልፈው ጊዜ ቢቀነስ ምን ያተርፋል? ትምህርቱስ ይጎዳል ወይ? እንዴትስ ይቀነሳል? በእነዚህ ጥያቄዎች ላይ ብዙ ተመርምሯል፣ ብዙም ተሞክሯል። ይህ ዳሰሳ የተሞከረውን ከቤር ሼቫ ልጆች ኑሮ ጋር እያስተያየ ይሄዳል። የማምንበትን አስቀድሜ ልናገር፤ የመቀመጫው ጊዜ ሊቀነስ ይችላል፣ ቢቀነስም ትምህርቱ አይጎዳም። ለእኛ ልጆች ደግሞ ከማንም በላይ ያስፈልጋል። (ዓመቶቹና ወሮቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ሰዓቱም እንደ እስራኤል ሰዓት።)

የአንድ የሁለተኛ ክፍል ልጅን ቀን እንከተል። ጠዋት 8:00 ላይ ደወል ይደወላል። ቦርሳው ከጀርባው ይወርድና ወንበሩ ላይ ይንጠለጠላል፤ ልጁም ከጠረጴዛ ጓደኛው ጎን ይቀመጣል። አንድ ክፍለ ጊዜ 45 ወይም 50 ደቂቃ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሁለቱ ተያይዘው ይሄዳሉ። 10 ሰዓት ገደማ አሩሐት ኤሰር፣ ማለትም የረፋዱ ምግብ ይመጣል። ልጆቹ ይህን የሚበሉት በአብዛኛው እዚያው በተማሩበት ጠረጴዛ ላይ ነው። ደብተሩ ገለል ይልና ሳንድዊቹ ከላስቲኩ ይወጣል፤ መምህርቷ አንዳንዴ ታሪክ ታነብላቸዋለች። በልተው ሲጨርሱ ወደ ሃፍሳካ፣ ማለትም ወደ ዕረፍት ይወጣሉ። ሃፍሳካው ከ10 እስከ 25 ደቂቃ ቢሆን ነው፤ ከዚያ እንደገና ክፍል። ከቀትር በኋላ ጻሃሮን የሚቆይ ልጅ ምሳውን ተቀምጦ ይበላል፣ የቤት ሥራውንም ተቀምጦ ይሠራል። ቤት ሲገባ ስልክና ቴሌቪዥን ይጠብቁታል። በብዙ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሳምንቱ ከእሑድ እስከ ዓርብ ስድስት ቀን ነው፤ ዓርብ ብቻ አጠር ይላል። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ለሰውነት ማጎልመሻ የሚመደበው በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ ነው።

የክፍሉ ስፋትም መታየት አለበት። የእስራኤል ክፍል ለረጅም ዘመን እስከ 40 ተማሪ ሲይዝ ኖሯል። ቁጥሩ ከመካከለኛው ዘመን ሊቅ ከራምባም (ማይሞኒደስ) ሕግ ጋር ስለሚገጥም፣ ጆሹዋ አንግሪስት እና ቪክተር ላቪ የተባሉ የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች በ1999 ባሳተሙት ጥናት "የማይሞኒደስ ደንብ" ብለው ጠርተውታል። የጥናቱ ውጤት ክፍሉ ሲያንስ የአራተኛና የአምስተኛ ክፍል ልጆች ውጤት ከፍ እንደሚል አሳየ። በ2015 ወላጆች "የሰርዲን ተቃውሞ" ብለው ጎዳና ወጡ፤ ከዚያ ወዲህ ጣራውን ደረጃ በደረጃ ወደ 34 ለማውረድ ተወሰነ። ይሁንና 50 ካሬ ሜትር ገደማ በሆነ ክፍል ውስጥ ሠላሳ ምናምን ልጅ፣ ጠረጴዛ፣ ወንበርና ቦርሳ ሲገባ ለመንጠራራት እንኳ ቦታ አይተርፍም። መምህርቷ "ተቀመጡ" የምትለው ክፉ ሆና አይደለም። ክፍሉ የተሠራው ለሚቀመጥ ልጅ ነው።

የሰዓቱ ብዛት ራሱ ምን አተረፈ? የእስራኤል የአንደኛ ደረጃ ተማሪ በዓመት የሚማረው ሰዓት ከኦኢሲዲ (የበለጸጉ አገሮች ድርጅት) አባል አገሮች አማካይ ይበልጣል። የፊንላንድ ልጅ ደግሞ ከአማካዩ በታች ይማራል። በ2022ቱ ዓለም አቀፍ የፒሳ ፈተና፣ ይህም ለ15 ዓመት ልጆች የሚሰጠው ነው፣ እስራኤል በሒሳብ 458 ስታገኝ የአገሮቹ አማካይ 472፣ የፊንላንድ ደግሞ 484 ነበር። የውጤት ልዩነት ብዙ ምክንያት አለው፤ ሰዓትን ብቻውን ተጠያቂ ማድረግ የዋህነት ነው። ሆኖም "ልጁ ብዙ በተቀመጠ ቁጥር ብዙ ያውቃል" የሚለው እምነት ከዚህ ቁጥር ድጋፍ አያገኝም። ፊንላንዶች 45 ደቂቃ አስተምረው 15 ደቂቃ ወደ ውጭ የመልቀቅ የቆየ ልማድ አላቸው፤ በረዶም ቢጥል ልጁ ካፖርቱን ለብሶ ይወጣል።

ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። በ1950ዎቹ ፓሪስ አጠገብ ባለችው ቫንቭ፣ ማክስ ፉሬስትዬ የተባለ ሐኪም የሚመራው ሙከራ የቀለም ትምህርቱን ሰዓት ቆርጦ ከቀትር በኋላ ያለውን ጊዜ ለስፖርትና ለውጭ እንቅስቃሴ ሰጠ። በ1970 ደግሞ በካናዳ ኪቤክ፣ ትሯ ሪቪዬር በተባለች ከተማ፣ ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል ልጆች በሳምንት አምስት ሰዓት የሰውነት ማጎልመሻ እንዲማሩ ተደረገ። ጊዜው የመጣው ከሌሎች ትምህርቶች ተቀንሶ ነው፤ የቀለም ትምህርቱ ከ13 እስከ 14 በመቶ ግድም አነሰ። የልጆቹ ውጤት ወደቀ? አልወደቀም፤ እንዲያውም በአመዛኙ በተለመደው መንገድ ከተማሩት የተሻለ ሆነ። እንደኔ ከሆነ በዚህ ጉዳይ ከተጻፈው ሁሉ ወላጅን ሊያሳምን የሚገባው ይሄኛው ነው። ሙከራው ዓመታት የፈጀ ነው፤ የተወሰደው ሰዓትም ትንሽ አልነበረም።

ቀጥሎ የመጣው ሐሳብ ደግሞ እንቅስቃሴውን ወደ ትምህርቱ ውስጥ የሚያስገባ ነው። በሰሜን ኔዘርላንድስ በ12 ትምህርት ቤቶች 499 የሁለተኛና የሦስተኛ ክፍል ልጆች የተካተቱበት ሙከራ በ2016 ታትሟል። ልጆቹ በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ፣ ሒሳብና ቋንቋን እየተንቀሳቀሱ ተማሩ። አንድ ቃል ሲጻፍ ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ጊዜ ይዘላሉ፤ ሁለት ጊዜ አራት ስንት ነው ሲባሉ መልሱን በዝላይ ይቆጥራሉ። ከሁለት ዓመት በኋላ በሒሳብና በፊደል አጻጻፍ ከሌሎቹ ቀድመው ተገኙ። በንባብ ግን ልዩነት አልታየም። ይህን የመጨረሻውን ብዙ አቀንቃኝ ይዘለዋል፤ እኔ ግን ስለዚሁ ነው ጥናቱን የማምነው። ሁሉን ነገር ያድናል የሚል መድኃኒት አያስተማምንም።

ስኮትላንድ፣ ስተርሊንግ ውስጥ በሚገኘው የቅዱስ ኒኒያን ትምህርት ቤት በ2012 ርዕሰ መምህርቷ ኢሌን ዋይሊ ልጆቹ በየቀኑ 15 ደቂቃ እንዲሮጡ ወይም እንዲራመዱ አደረገች። የስፖርት ልብስ የለም፣ ውድድር የለም፣ ነጥብ የለም። ልጁ በደንብ ልብሱ ወጥቶ ይሮጥና ይመለሳል። ዛሬ "ዴይሊ ማይል" በሚል ስም በብዙ አገር ይሠራበታል። ወጪው ባዶ ነው ማለት ይቻላል። እንዲህ የተስፋፋውም ለዚህ ይመስለኛል።

ቆሞ የሚሠራበት ጠረጴዛስ? በቴክሳስ ማርክ ቤንደንና ባልደረቦቹ በአንደኛ ደረጃ ክፍሎች ከፍ ያሉ ጠረጴዛዎች አስገብተው ልጆቹን ሁለት ዓመት ተከታተሉ፤ በ2016 ባወጡት ውጤት እነዚህ ልጆች ከሌሎቹ ይልቅ ክብደታቸው ለቁመታቸው የተመጠነ ሆኖ ተገኘ። እንግሊዝ፣ ብራድፎርድ ላይ ደግሞ አነስተኛ ሙከራ ተደርጎ ነበር። በአንድ ክፍል ስድስት ልጅ የሚያስተናግዱ ከፍና ዝቅ የሚሉ ጠረጴዛዎች ገብተው ልጆቹ በተራ ተጠቀሙባቸው፤ የመቀመጫ ጊዜያቸው በቀን ወደ ግማሽ ሰዓት ቀነሰ። ግማሽ ሰዓት ቀላል አይደለም፤ ነገር ግን ጠረጴዛው ውድ ነው፣ ቦታ ይፈልጋል፣ ተራውን የሚያስጠብቀውም መምህሩ ነው። የቤር ሼቫ ትምህርት ቤት ገንዘብ ቢያገኝ መጀመሪያ ጠረጴዛ ይግዛ አልልም። ለግቢው ጥላ ያስቀድም።

ምክንያቱም ቤር ሼቫ ስተርሊንግ አይደለችም። ከተማዋ የኔጌቭ በረሃ አፋፍ ላይ ናት፤ ዝናቡ በዓመት 200 ሚሊ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። የበጋው የቀን ሙቀት በአማካይ ከ33 ዲግሪ በላይ ነው፤ ትምህርት የሚጀመርበት መስከረምም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ሰኔም ትምህርት አለ፤ የአንደኛ ደረጃ ዓመት የሚያልቀው ሰኔ 30 ነው። ጥላ በሌለው አስፋልት ግቢ ላይ ቀትር ላይ ሩጡ ማለት ጭካኔ ነው። በአቧራማ ቀናትም መስኮት ተዘግቶ ነው የሚዋለው።

ሁለተኛው እንቅፋት ሲረን ነው። በታኅሣሥ 2008 መጨረሻ ከጋዛ የተተኮሱ ሮኬቶች ለመጀመሪያ ጊዜ ከተማዋን ሲመቱ ከተመቱት ውስጥ መዋዕለ ሕፃናትና ትምህርት ቤት ይገኙበታል። ከዚያ ወዲህ የቤር ሼቫ ልጅ ሲረን ሲሰማ መጠለያ ለመድረስ 60 ሰከንድ እንዳለው ያውቃል። በአደጋ ጊዜ ፒኩድ ሃኦሬፍ፣ የደጀን እዝ፣ ትምህርት እንዲካሄድ የሚፈቅደው መጠለያ በሰዓቱ ሊደረስበት በሚችል ቦታ ብቻ ነው። ስለዚህ የውጭ ትምህርት መጀመሪያ ይሰረዛል። በጥቅምት 2023 ጦርነቱ ከጀመረ በኋላ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ልጆች በዙም ተማሩ፤ በሰኔ 2025 የኢራን ሚሳይል የከተማዋን ሶሮካ ሆስፒታል በመታበት ሰሞንም እንዲሁ። ከዚያ በፊት በ2020 ኮሮና ነበር። በኮሮና ጊዜ አንደኛ ክፍል የነበረ ልጅ ሦስት ጊዜ ያህል ትምህርቱ ወደ ስክሪን ተዛውሮበታል። ስክሪን ደግሞ ከክፍል የባሰ ነው፤ ደወልም ሃፍሳካም የለውም። ይህን ሁሉ አይተን እንቅስቃሴ ቅንጦት ነው የሚሉ አሉ። እኔ ተቃራኒው ይታየኛል። ሲረን የለመደ ልጅ ሰውነቱ ውጥረት ይዞ ነው የሚቀመጠው፤ ውጥረቱን የሚያወጣበት ነገር ያስፈልገዋል።

ወደ ማኅበረሰባችን ልመለስ። በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል በ36 ሰዓት ውስጥ ሲገቡ ብዙዎቹ በየካራቫኑ ሰፍረዋል፤ ከሰፈሮቹ አንዱ ቤር ሼቫ አጠገብ ያለው ናሐል ቤካ ነበር። ወላጆች ዕብራይስጥ አያውቁም፣ ልጆች ከክፍላቸው ወደኋላ ቀርተዋል። መልሱ ተጨማሪ ሰዓት ሆነ፤ በወቅቱ ትክክለኛ መልስ ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ ፓክት የተባለው የሕፃናት ፕሮግራም በክሊቭላንድ አይሁድ ማኅበረሰብ ድጋፍ እዚሁ ቤር ሼቫ ተጀመረ። ኋላ የኢትዮጵያውያን ብሔራዊ ፕሮጀክት ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ላሉ ተማሪዎች ከትምህርት በኋላ ማጠናከሪያ አመጣ። በአገር ደረጃ በ1997 የወጣው የረጅም የትምህርት ቀን ሕግ ቀዳሚ ያደረገው ድጋፍ የሚያሻቸውን አካባቢዎች ነበር። በ2014 ደግሞ ለአንደኛና ለሁለተኛ ክፍል የበጋ ዕረፍት ትምህርት ቤት ተከፍቶ ሐምሌም ከፊሉ ትምህርት ቤት ሆነ። አንዱንም አልነቅፍም፤ ብዙ ልጅ በእነሱ ተምሮ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል። የምለው ግን፣ የሀብታም ልጅ ከትምህርት በኋላ ወደ ዋናና ጁዶ ሑግ (ክበብ) ሲሄድ የእኛ ልጅ ወደ ሌላ ወንበር ነው የሚሄደው። እንግሊዝኛና ሒሳብ እንዲያጠናክር የተሰጠው ሰዓት ከእንቅስቃሴው ላይ ተቆርጦ ነው። ይህ ልዩነት በየትኛውም የፈተና ሰንጠረዥ አይታይም።

ጤናው ላይ ግን ይታያል። ከእሱ በፊት በነበረው ዘመቻ ሙሴና በዘመቻ ሰሎሞን የመጡት ወገኖቻችን ሲገቡ ስኳር በሽታ እምብዛም አይታይባቸውም ነበር። በተራራና በሜዳ ሲራመድ የኖረ፣ ጤፍና ሽሮ የሚበላ ሕዝብ ነበር። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ሐኪሞች በሽታው በፍጥነት ሲጨምር አዩ፤ ጉዳዩ በሕክምና መጽሔቶች ሳይቀር ተጻፈ። ጤና ብሪኡት የተባለው ድርጅት በ1998 የተመሠረተው ይህንኑ ለመቋቋም ነው። የተለወጠው ምግብ ብቻ አይደለም፤ እግርም ሥራ ፈትቷል። ረጅም ጊዜ ስንቀመጥ ትልልቆቹ የእግር ጡንቻዎች ስኳሩን ከደም የሚስቡበት ሥራ ይቀዘቅዛል፤ ብድግ ብሎ ጥቂት መራመድ ያስነሳዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው መመሪያ ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ከመካከለኛ እስከ ጠንካራ የሆነ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ፣ የመቀመጫ ጊዜያቸውም እንዲገደብ ይመክራል። በ146 አገሮች ከተሰበሰበ መረጃ እንደታየው ከ11 እስከ 17 ዓመት ካሉት ወጣቶች 81 በመቶው ይህን አያሟሉም። የእኛ ልጆች ደግሞ በሽታው በቤተሰባቸው እየገባ ያለ ልጆች ናቸው።

ሌላም የሚያሳስብ ነገር አለ፤ የማይረጋው ልጅ ዕጣ። ወንበር ላይ የሚቁነጠነጥ፣ እርሳስ ሊቀርጽ አሥር ጊዜ የሚነሳ ልጅ በየክፍሉ አለ። ወላጅ ተጠርቶ "ልጅህ ያውካል" ይባላል፤ ቀጥሎ ምርመራ፣ ቀጥሎ ሪታሊን የተባለው የትኩረት መድኃኒት ይነሳል። እስራኤል ይህን መድኃኒት በብዛት ከሚጠቀሙ አገሮች አንዷ ናት። መድኃኒቱ በእርግጥ የሚያስፈልገው ልጅ አለ፤ የሚያስፈልገውን ልጅ ወላጁ በሐሜት ፈርቶ ሊከለክለው አይገባም። ነገር ግን የኢትዮጵያውያን ልጆች ወደ ልዩ ትምህርት በብዛት ይላካሉ የሚለው የማኅበረሰባችን የቆየ ቅሬታ ባለበት አገር፣ የሰባት ዓመት ልጅ አምስት ሰዓት አልቀመጥም ማለቱ የልጁ ጉድለት ነው ወይስ የክፍሉ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ከምርመራው በፊት ልጁ በቀን ስንት ደቂቃ እንደሚንቀሳቀስ ማንም አይጠይቅም። አንዳንድ ቦታ ደግሞ ያጠፋ ልጅ ሃፍሳካ ይከለከላል፤ ይኸውም የሚያስፈልገውን ነገር መንጠቅ ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2013 ባወጣው አቋም ዕረፍት ለቅጣትም ሆነ ለማካካሻ ትምህርት ከልጅ መወሰድ የለበትም ብሏል።

እኛ ስንማር ቁጭ ብለን ነው ያደግነው የሚል ሽማግሌ ይኖራል። ግማሽ እውነት ነው። በገጠር የነበረ ልጅ ትምህርት ቤት ለመድረስ ተራራ ወርዶ ወንዝ ተሻግሮ ነው፤ በፈረቃ ግማሽ ቀን ተምሮ ሲመለስ ከብት ይጠብቃል፣ ውኃ ይቀዳል። በጎንደር የቤተ ክህነት ትምህርትም ቢሆን አቋቋም የሚባለው ቆሞ በመቋሚያ የሚጠና ነው፤ የቅኔ ተማሪም ቅኔውን ሊቆጥር ወደ ጫካ ይወጣል እንጂ ደጀ ሰላም ላይ ተቀምጦ አይውልም።

ታዲያ እዚህ ምን ይደረግ? ትልቅ ሪፎርም እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም። የረፋዱ ምግብ ጥላ ሥር ቢበላ፣ መጠለያው ቅርብ እስከሆነ ድረስ፣ ከአንድ እንቅስቃሴ አልባ ግማሽ ሰዓት ልጆቹን ያድናቸዋል። ኦፌክ ሐዳሽ ከተባለው የመምህራን ሥራ ሪፎርም በኋላ መምህራን እስከ አምስት ልጅ ለሚሆን ትንሽ ቡድን የሚሰጡት ሰዓት አለ። አምስት ልጅ ይዞ በኮሪደር እየተራመዱ የማባዣ ሠንጠረዥ ማጥናት የማንንም ፈቃድ አይፈልግም፤ ቦታም አያጣብብም። ከ34 ልጅ ጋር መዝለል ያስፈራት መምህርት ከአምስት ትጀምር። የ15 ደቂቃ ሩጫ ጠዋት ከ8:00 በኋላ፣ ፀሐይ ሳይጠነክር፣ መጠለያ ባለበት ግቢ ዙሪያ ይቻላል። ጻሃሮን ላይ የቤት ሥራ ከመጀመሩ በፊት ልጆቹ ይሩጡ፤ ቀኑን ሙሉ የተቀመጠን ልጅ ወዲያው እንደገና ማስቀመጥ ውጤቱ ጭቅጭቅ ብቻ ነው። ከተማው አዳራሹንም የግቢውን ጥላም ይሥራ፤ ይህ የወላጅ ኪስ ሊሸከመው የሚገባ አይደለም።

የመምህራን ስጋት መናቅ የለበትም። የሚንቀሳቀስ ክፍል ይጮኻል፤ ሥርዓቱ እስኪለመድ ሳምንታት ይፈጃል፤ በዓመቱ መጨረሻ የሚጠየቀው የፈተና ውጤት እንጂ ልጁ ስንት ጊዜ ዘለለ አይደለም። ያለ ሥልጠናና ያለ ርዕሰ መምህሩ ድጋፍ አንዲት መምህርት ብቻዋን ብትሞክረው ትደክማለች። ወላጅ የሚያስፈልገውም እዚህ ላይ ነው። ርዕሰ መምህር ለወላጅ ጥያቄ ጆሮ አለው፤ በተለይ ብዙ ወላጅ አንድ ነገር ሲጠይቅ።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ በዓመቱ መጀመሪያ ወደ አሴፋት ሆሪም (የወላጆች ስብሰባ) ስትሄዱ፣ ዕብራይስጡ ካስቸገራችሁም መጋሽሩን (አገናኙን) ይዛችሁ፣ እነዚህን ጠይቁ፦ ልጄ ሳይነሳ የሚቀመጥበት ረጅሙ ጊዜ ስንት ደቂቃ ነው? ሃፍሳካ በቅጣት ይወሰዳል ወይ? በጻሃሮን የቤት ሥራ የሚጀመረው ስንት ሰዓት ነው፣ ከዚያ በፊትስ ልጆቹ ምን ያደርጋሉ? መልሱን በስብሰባው ቃለ ጉባኤ አስጽፉ፤ በሚቀጥለውም ስብሰባ እንደገና ጠይቁ።